ደናሊ (አላስካ) ያላችሁ ወይም የምታውቁት፦ ጨለማው መቼ ነው በደንብ የሚመለሰው?

የሰኔ ፀሐይ
ነሐሴ 6

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ግን የማዋየው ሰው አጥቼ ነው። ያለሁት አላስካ ነው፣ ደናሊ ናሽናል ፓርክ መግቢያ ላይ ካሉት ሎጆች ባንዱ ሀውስኪፒንግ እሰራለሁ፣ ለሰመር ብቻ፣ ሜይ 15 ከአክስቴ ልጅ ጋር ከሲያትል መጣን። ከመጣን ጀምሮ ሌሊት የሚባል ነገር አላየንም። ፀሐይዋ ቶሎ አትጠልቅም ብለውኝ ነበር ግን እንዲህ አልመሰለኝም፣ ሰኔ ላይ እኩለ ሌሊት ደጅ ቁጭ ብዬ ያለ መብራት ዳዊት እደግም ነበር፣ ስንተኛ መስኮቱ ላይ አልሙኒየም ፎይል ለጥፈን ነው። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይላል፣ ከሺፍት በኋላ ወንዝ ዳር መሄድ ነው መጫወት ነው፣ እየቆየ ሲሄድ ግን ሰውነት ደክሞትም አይተኛም፣ ሰው ሁሉ በትንሽ ነገር ይቆጣል። እኔን ደግሞ ከእንቅልፉም በላይ የናፈቀኝ ጨለማው ራሱ ነው። ያደግኩት መንዝ ነው፣ መብራት ሳይገባ፣ ማታ ከብቱ በረት ከገባ በኋላ ደጅ ላይ ሰማይ እያየን ነው እራት የምንጠብቀው። ኮከብ የሌለበት ሌሊት ማለት ለኔ ክረምት ነው፣ ደመና ማለት ነው። እዚህ ግን ደመናም ሳይኖር ኮከብ የለም።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ የገባ ቀን የማታ ላውንድሪ ሺፍት ደርሶኝ ከሌሊቱ 6 ተኩል ላይ የመጨረሻውን የፎጣ ጋሪ እየገፋሁ በኋላ በር ወጣሁ። ሰማዩ ጨልሞ አይደለም፣ ውሃ የበዛበት ሰማያዊ ቀለም ነው የሚመስለው፣ በሰሜን በኩል ገና ብርቱካንማ ነገር አለ። ቀና ስል አንድ ኮከብ። አንድ ብቻ። ከአናቴ ትንሽ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዘነበለች፣ ነጭ ሆና ሰማያዊ የሚነካካት። ጋሪውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፣ ዓይኔን ባነሳ የምትጠፋ መስሎኝ። ሶስት ወር ሊሞላን ጥቂት ቀን ነበር የቀረን። ሮጬ የአክስቴን ልጅ ቀሰቀስኳት፣ በነጠላዋ ተጠቅልላ ወጣች፣ አየቻትና አማተበች።

እና ጥያቄዬ፣ ያቺ ኮከብ ማን ናት? ሰማዩስ መቼ ነው በደንብ የሚጨልመው፣ ማለቴ እንደ አገር ቤት ፍኖተ ሐሊብ እስኪታይ? ሎጁ ሴፕቴምበር አጋማሽ ይዘጋል፣ ፍላይቴ ሴፕቴምበር 18 ነው፣ ከዛ በፊት አውሮራ (ሌሊት ሰማይ ላይ የሚጫወተውን ባለ ቀለም ብርሃን) የማየት እድል አለኝ ወይ፣ ሰው ሁሉ ዲሴምበር ነው የሚለኝ። የእንቁጣጣሽን ዋዜማ ውጪ ላድር ነው ያሰብኩት። ሌላው ደግሞ ከሰራተኛ መኖሪያችን ኋላ ፓርኪንጉ ላይ ትልቅ ነጭ ኤልኢዲ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፣ ሰመሩን በሙሉ ለምንም አልጠቀመም፣ አሁን ጨለማው ሲመጣ ደግሞ ሊያበላሽብን ነው። ማናጀሩን ጠይቄው ለሴኪዩሪቲ ነው አለኝና ዘጋው። ምን ብዬ ነው የማስረዳው? የምታውቁ አደራ።

ጋሽ ፌርባንክስ
ነሐሴ 6

ልጄ እንኳን በሰላም መጣሽ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እኔ ፌርባንክስ 14 ዓመቴ ነው፣ ካንቺ ወደ ሰሜን 2 ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው፣ ቱሪስት በቫን እያመላለስኩ ነው የምኖረው፣ በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ የማደርገው አንቺ ያደረግሽውን ነው፣ ሌሊት ወጥቼ ቀና ማለት። ያየሻት ቬጋ ናት። እዚህ ሁልጊዜ ቀድማ የምትታየው እሷ ናት፣ ደማቅ ስለሆነች ብቻ ሳይሆን በዚህ ወር ማታ ማታ አናት ላይ ስለምትሆን ነው፣ አድማሱ ዙሪያ ያለው ውጋገን አይደርስባትም። በዛው ሰዓት ወደ ምዕራብ ዝቅ ብለሽ ብታዪ ብርቱካንማ ሌላ ኮከብ ይኖራል፣ አርክቱሩስ ይባላል፣ ግን አንቺ ጋ ተራራው ይጋርደው ይሆናል።

አሁን ወደ ጨለማው። ፀሐይ ጠለቀች ማለት መሸ ማለት አይደለም፣ ይሄን አገር ቤት ሆነን አናውቀውም ምክንያቱም አገር ቤት ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ከሩብ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ድቅድቅ ይላል። እዚህ ግን በአግድም ነው የምትንሸራተተው፣ ከአድማስ በታች ትገባና እዛው ስር ስሩን ሄዳ በሌላ በኩል ትወጣለች። ሰማዩ ፍጹም ጨለማ የሚሆነው ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትወርድ ነው። አንቺ ያለሽበት ቦታ ሰኔ ላይ እኩለ ሌሊት የምትወርደው 3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፣ ዳዊትሽን ያነበብሽው በሷ ብርሃን ነው ማለት ነው። ጁላይ 22 አካባቢ 6 ዲግሪን ታልፋለች፣ ቬጋ ብቅ ማለት የምትችለው ከዛ ወዲህ ነው፣ አሁን በዚህ ሳምንት 12 ዲግሪ ደረሰች፣ 18ቱን የምታልፈው ደግሞ ኦገስት 31 አካባቢ ነው፣ ነሐሴ 25 በኛ። ከዛ በፊት ደናሊ ላይ ፍጹም ሌሊት የነበረው ኤፕሪል 11 ገደማ ነው። አስቢው፣ አራት ወር ከግማሽ ሙሉ ድቅድቅ የሚባል ነገር ያላየ ሰማይ ነው።

አንዴ ከጀመረ ግን ይፈጥናል። ሴፕቴምበር ላይ ፌርባንክስ ቀኑ በየቀኑ ወደ 7 ደቂቃ ያጥራል፣ በሳምንት 45 ደቂቃ በላይ ማለት ነው፣ ደናሊም ያው ነው። ዛሬ የወጣሽበት ሰዓት ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ብትወጪ ሌላ አገር ነው። አንድ ነገር ልብ በይ፣ እዚህ ሰዓቱ ከፀሐይዋ ጋር አይገጥምም፣ በሰመር ሰዓት አቆጣጠር ትክክለኛው እኩለ ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ነው (በነሱ 2)። ስለዚህ 6 ሰዓት ላይ ወጥተሽ አልጨለመም ብለሽ እንዳትገቢ፣ ዋናው ከ7 እስከ 9 ነው።

አውሮራ ዲሴምበር ነው ያለሽ ሰው አልኖረበትም ማለት ነው። አውሮራው ሰመሩንም አለ፣ ከራስሽ በላይ ሲጫወት ነው የከረመው፣ ብርሃኑ ሸፍኖት ነው ያላየሽው፣ ልክ ቀን ቀን ኮከብ እንዳለው ሁሉ። እዚህ ፌርባንክስ የአውሮራ ሲዝን ብለው የሚቆጥሩት ከኦገስት 21 እስከ ኤፕሪል 21 ነው። ሴፕቴምበር ደግሞ ከሁሉም ይመረጣል፣ አንደኛ ብርዱ አይገድልም፣ ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ በታች 40 ሆኖ ማን ደጅ ይቆማል፣ ሁለተኛ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን የፀሐይዋ ንፋስና የምድር ማግኔት የሚገናኙበት አቅጣጫ ስለሚመቻች እንቅስቃሴው ይጨምራል። ኬፒ የሚሉትን የአውሮራ ጉልበት መገመቻ ቁጥር አይተሽ ትንሽ ነው ብለሽ አትተኚ፣ ለሲያትል ሰው 2 ምንም ነው፣ ለኛ 2 በቂ ነው፣ አውሮራው የሚሰራው ቀለበት እላያችን ላይ ነው ያለው።

ቦታ ከፈለግሽ በፓርኩ መንገድ እስከ ሳቬጅ ሪቨር 15 ማይል በራስሽ መኪና ትገቢያለሽ፣ ከዛ በላይ ባስ ብቻ ነው። እዛ አንድም አምፖል የለም። ግን ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ እደግመዋለሁ ብቻሽን እንዳትሄጂ። ድቡ በዚህ ወር ቀንም ሌሊትም ቤሪ ሲበላ ነው የሚውለው፣ ወንዱ ሙስ (ትልቁ አጋዘን) ደግሞ ሴፕቴምበር ላይ ሴቷን ሲፈልግ ሰው አያውቅም፣ ለኔ ከድቡ ይልቅ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። የድብ ስፕሬይ ያዙ፣ እያወራችሁ ሂዱ፣ ከመኪናው አትራቁ። ጨረቃዋንም አይቼልሻለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ የለችም፣ ልክ አዲስ ጨረቃ ላይ ነው የሚውለው። ደመናውን ለእግዚአብሔር ነው የምንሰጠው።

ሲያትል ካሜራ
ነሐሴ 7

ጋሼ ሁሉንም ጨርሰውታል፣ እኔ ስለ ፎቶው ብቻ። ትራይፖድ ከሌለሽ ስልክሽን ድንጋይ ላይ አስደግፊው፣ ናይት ሞድ ላይ አድርገሽ ረጅሙን ሰከንድ ምረጪ፣ ታይመር ተጠቀሚ እጅሽ እንዳይነቀንቀው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል፣ ፓወር ባንክ ደረትሽ ውስጥ ያዢ። እና አንድ ነገር፣ አውሮራው መጀመሪያ ሲመጣ በዓይን ሽበት የመሰለ ግራጫ ነው፣ ደመና ነው ብለሽ ታልፊዋለሽ። ስልኩ ላይ አረንጓዴ ከሆነ አውሮራ ነው። ከተጠናከረ በዓይንም አረንጓዴ ይሆናል። ደግሞ በየደቂቃው ስክሪን አትዪ፣ ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ጊዜ ስክሪን ካየሽ እንደ አዲስ ነው።

ኡሜዮ ያለሁት
ነሐሴ 8

ሰላም እህቴ፣ እኔ ስዊድን ኡሜዮ ነኝ፣ ማፕ ላይ አየሁት ካንቺ ጋር አንድ መስመር ላይ ነን፣ ሁለታችንም 64 ዲግሪ ሊሞላን ትንሽ ነው የቀረን፣ ስለዚህ የምትይው ሁሉ እኔ ቤት እየሆነ ነው። እዚህ ሰዎቹ የኦገስት ጨለማ ብለው ስም ሰጥተውታል፣ ይወዱታል፣ ወሩ ሲገባ ደጅ ወጥተው የወረቀት ፋኖስ ሰቅለው ክሬይፊሽ የሚባለውን የውሃ ነገር ይበላሉ፣ እኔ አልበላም ግን ፋኖሱ በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ሰመሩን ሙሉ ፋኖስ ማብራት ትርጉም አልነበረውማ።

ለኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። የዒሻ ሰላት ወቅቱ የሚገባው የምሽቱ ውጋገን ሲጠፋ ነው፣ እዚህ ደግሞ ከኤፕሪል ጀምሮ ውጋገኑ ጭራሽ አይጠፋም፣ ስለዚህ ሰመሩን አንዳንዱ መግሪብና ዒሻን ያጣምራል አንዳንዱ በግምት የተሰራ ሰዓት ይከተላል፣ በየመስጂዱ ይለያያል። ልጆቼ እዚህ ነው የተወለዱት፣ ዒሻ ማለት የስልክ አፕ ላይ ያለ ቁጥር ነው የሚመስላቸው። ባለፈው ዓመት ኦገስት መጨረሻ ላይ ሁለቱን ከከተማ ወጣ አድርጌ ሀይቅ ዳር ወሰድኳቸው፣ በምዕራብ በኩል ያለውን ነጭ ነገር እያየን ቁጭ አልን፣ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ሲጠፋ "አሁን ገባ" አልኳቸው። ትንሹ ልጄ ማን ነው ያጠፋው አለኝ። አዛኑን ራሱ አለ፣ ወላሂ ዓይኔ እንባ ሞላ። አገር ቤት አጎቴ ጋ (ወሎ ነኝ) እንዲህ ነበር ሰላት የሚጠበቀው፣ ሰማይ እየታየ።

ስለ ቬጋ ደግሞ፣ ስሟ ከአረብኛ ነው የመጣው፣ የሚወርደው ንስር ከሚለው። አጠገቧ ደነብ የምትባል አለች፣ እሷ ጅራት ማለት ናት።

እንጦጦ
ነሐሴ 9

ደነብ ጅራት ካለች በግዕዝም እኮ ጅራት ዘነብ ነው፣ አንድ ቃል ናቸው። ደስ ሲል።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ከስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሰዎች ጋር አንዳንዴ ሰማይ ለማየት እወጣለሁ። እህቴ ክረምት ያልሽው ነገር ልቤን ነካው፣ ምክንያቱም አሁን እኛም ያለነው እንዳንቺው ነው። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኮከብ አላየንም፣ አንቺን የጋረደሽ ብርሃን ነው እኛን ደመና፣ የሚገለጠው ግን ለሁለታችንም አንድ ሰሞን ነው፣ መስከረም ሲጠባ። እዚህ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፕ አለ፣ 3200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ግን ከስሩ ከተማው እየሰፋ መብራቱ እየበዛ ነው፣ ለዛም ነው በላሊበላ በኩል ያሉ ተራሮች ለትልቅ ኦብዘርቫቶሪ ሲጠኑ የነበረው። ስለዚህ ያቺን ፓርኪንግ ላይ ያለችዋን ኤልኢዲ ቀላል ነገር አድርገሽ አትዪያት፣ ሁሉም የሚጀምረው በአንድ በአንድ አምፖል ነው።

አንድ ስራ ልስጥሽ። ክንድሽን ዘርግተሽ ጡጫሽን ብትጨብጪ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው 10 ዲግሪ ገደማ ነው። መንዝ ላይ የሰሜን ኮከብን ከአድማስ ጀምረሽ ብትለኪ አንድ ጡጫ ብቻ ነው፣ ዛፍ ወይም ጋራ ካለ አታያትም፣ ብዙ የሀገራችን ሰው አይቷትም አያውቅም። ደናሊ ላይ ለክተሽ ስንት እንደሆነ ንገሪኝ፣ ያ ቁጥር ነው ምን ያህል ሩቅ እንደሄድሽ የሚነግርሽ። የምታጪው ነገርም አለ ግን፣ የፍኖተ ሐሊብ መሀሉ፣ ያ እንደ ደመና የወፈረው በጣም ደማቁ ክፍል፣ ካንቺ አድማስ በላይ በጭራሽ አይወጣም። እኛ ጋ ግማሽ ሰማይ ድረስ ይወጣል። የደቡብ መስቀልም እንደዛው፣ እሱ የኛ ነው። አንቺ ጋ የሚያልፈው ሌላው ክንዱ ነው፣ ሳሳ ያለው፣ ግን ጨለማው ካንቺ ጋር ስለሆነ እንደውም ሳትደነቂ አትቀሪም።

ኤሌክትሪሻን ዴንቨር
ነሐሴ 10

ስለ መብራቱ እኔ ልናገር ስራዬ ስለሆነ። አጥፉት ብለሽ አትጀምሪ፣ አጥፉት ስትዪ የሚሰማው አደጋ ነው። እንዲህ በዪው፣ መብራቱ መሬቱን ነው ማብራት ያለበት አይደል፣ ታዲያ ለምን ግማሹ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሄዳል? ከላይ ቆብ ይደረግለት፣ ነጩ አምፖል በቢጫ አምፖል ይቀየር፣ ሞሽን ሴንሰር ይገጠምለት። ሴንሰር ያለው መብራት ለሴኪዩሪቲም ይሻላል፣ ሲበራ ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ፣ ሁልጊዜ የሚበራ መብራት ማንም አያየውም። ነጭ ኤልኢዲ ውስጥ ሰማያዊው ብርሃን ይበዛል፣ እሱ ነው አየር ላይ በጣም የሚበተነው፣ ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆንበት ምክንያት ራሱ ነው። በፈረንጆቹ ከ2011 እስከ 2022 በዓለም ዙሪያ ተራ ሰዎች በዓይናቸው ኮከብ እየቆጠሩ ባደረጉት ጥናት ሰማዩ በዓመት ወደ 10 በመቶ ገደማ እየደመቀ ነው የተገኘው፣ በ2023 ነው የወጣው። ይሄ ማለት ልጅ ሲወለድ 250 ኮከብ ይታይበት የነበረ ቦታ 18 ዓመቱ ሲሆን 100 ነው የሚታይበት። እና ለማናጀሩ ደግሞ የገንዘቡን በዪው፣ እንግዶቹ አውሮራ ሲመጣ ቀስቅሱን የሚሉ ናቸው፣ አውሮራ ፈልጎ የመጣ ሰው ፓርኪንግ ላይት ስር አይቆምም።

የሰኔ ፀሐይ
ነሐሴ 27

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ እርስዎን በተለይ፣ ለአክስቴ ልጅ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። ሳልጽፍ የቆየሁት የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው፣ ኦገስት ላይ እዚህ ዝናቡ ሌላ ነው፣ ለአስር ቀን ደመናው ከተራራው ላይ አልወረደም። ነሐሴ 25ም በደመና አለፈ፣ 18 ዲግሪ ያሉኝ ቀን። ብቻ ደጅ ወጣሁ፣ ዝም ብዬ በዝናብ ልብሴ ጨለማው ውስጥ ቆምኩ። ኮከብ የለም ግን ጨለማ ነበር፣ እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አላየኋቸውም! ሜይ ላይ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ያን ሌሊት ፎይሉን ከመስኮቱ ላይ ልጠን ጣልነው፣ እንዴት እንደተኛሁ ልነግራችሁ አልችልም።

ቀን ቀን ደግሞ ምድሩ ተቀይሯል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፣ መሬት ላይ የሚሄደው የብሉቤሪው ቅጠል ደም ሆኗል፣ ከሩቅ ስታዩት ተራራው በርበሬ የተሰጣበት ነው የሚመስለው፣ ከመሀሉ ቢጫ ቢጫ ዛፎች። እናቴ ብታየው መስከረምን ማን ወደዚህ አመጣው ትል ነበር።

መብራቱን ዴንቨር ያለኝን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የሄድኩት። ማናጀሩ አሁንም እናስብበታለን ነው ያለው። ግን ሜይንተናንስ የሚሰራው ሽማግሌ ሰውዬ ሰምቶን ነበር፣ በማግስቱ በመሰላል ወጥቶ ከቆርቆሮ የሰራውን ቆብ አሰረበት፣ ማንንም አልጠየቀም። አሁን ብርሃኑ መኪናዎቹ ላይ ብቻ ነው የሚወርደው። ሄጄ አመሰገንኩት፣ እሱም ለ30 ዓመት ሰመሩ ሲያልቅ የሚጠብቀው ይሄንኑ ጨለማ እንደሆነ ነገረኝ።

ጋሽ ፌርባንክስ
ነሐሴ 28

ቆርቆሮ! እግዜር ይባርከው።

ተራራው አናት ላይ ስስ በረዶ ካየሽ ንገሪኝ፣ ተርሚኔሽን ደስት ይሉታል፣ አቧራ የመሰለ ሆኖ ነው የሚጥለው፣ የሰመር ስራ ማለቂያ ምልክት ስለሆነ ነው ስሙ። ከሱ በኋላ አየሩ ይደርቃል፣ ጥርት ይላል። እኛ ጋ ሳንድሂል ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ወደ ደቡብ መሄድ ጀምረዋል፣ ትናንት ሌሊት ሳልተኛ ድምጻቸውን ሰማሁ። እና ሰማዩ ሲገለጥ ቢግ ዲፐርን ፈልጊ፣ የአላስካ ባንዲራ ላይ ያሉት ሰባቱ እነሱ ናቸው፣ ስምንተኛዋ የሰሜን ኮከብ ናት፣ በፈረንጆቹ 1927 አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ነው የሰራው። ሰመሩን ሙሉ ባንዲራ ላይ ብቻ ነው የምናያቸው።

የሰኔ ፀሐይ
መስከረም 2

እንኳን አደረሳችሁ! እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ። ገና እንቅልፌን አልጠገብኩም ግን ሳልረሳ ልጻፈው።

ጳጉሜ 4 ጠዋት ስንነሳ ተራራው ላይ አቧራው ነበር ጋሼ፣ ልክ እንዳሉት፣ ዱቄት የተነፋበት ነው የሚመስለው። ጳጉሜ 5 ማታ ሰማዩ ጥርት አለ። አምስት ሆነን በአንድ መኪና ሄድን፣ እኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ሁለት ኩሽና የሚሰሩ ልጆችና የሜይንተናንሱ ሽማግሌ፣ እሱ ነው የነዳው፣ ድብ ስፕሬዩም የሱ ነው። ሳቬጅ ሪቨር ስንደርስ ከሌሊቱ 6 ከሩብ ነበር። ሞተሩን አጠፋ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ሁላችንም ስልካችንን ኪሳችን ውስጥ ከተትን። መጀመሪያ የወንዙ ድምጽ ብቻ ነበር። አገር ቤት ዋዜማውን ችቦ ነው የምናበራው፣ እኛ ምንም አላበራንም፣ ቴርሞስ ሻይ በጨለማ ነው የቀዳሁት፣ ሲሞላ በድምጹ ነው ያወቅኩት።

ሃያ ደቂቃ እንዳለፈ የአክስቴ ልጅ እጄን ያዘችኝ። ፍኖተ ሐሊብ ከምስራቅ ተነስቶ በአናታችን አልፎ ደቡብ ምዕራብ ተራራው ውስጥ ገባ። እንጦጦ እውነትህን ነው ይሳሳል፣ እንደ መንዙ አልወፈረም፣ ግን ጠርዙ ራሱ ይለያል፣ ደነብ ያለችበት ጋ ለሁለት ሲሰነጠቅ በዓይኔ አየሁት። ቬጋ ወደ ምዕራብ ሄዳለች፣ አሁን ከሺዎች አንዷ ናት፣ ለይቼ ለማግኘት ጊዜ ወሰደብኝ። በምስራቅ ከጋራው በላይ ሰባቱ ከዋክብት (የባንዲራው ቢግ ዲፐር ሳይሆን ፕሌያዲስ የሚሏቸው) ወጥተው ነበር፣ እናቴ እነሱን እያየች ነበር ሰዓት የምታውቀው፣ እነሱን ሳይ ነው ያለቀስኩት።

ጡጫውንም ለክቻለሁ። ከአድማስ ጀምሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት እያልኩ፣ ስድስት ጡጫ ሞልቶ ገና ትንሽ ይቀራል። አንገቴን ወደ ኋላ አጥፌ ነው የደረስኩባት። መንዝ አንድ፣ እዚህ ስድስት ተኩል ገደማ።

ከሌሊቱ 7 ተኩል አካባቢ በሰሜን ምስራቅ ዝቅ ብሎ የምድጃ ጭስ የመሰለ ነገር ተነሳ፣ ደመና መጣ ብዬ አዘንኩ። ሽማግሌው ጠብቂ አለኝ። ጭሱ ቀጥ አለ፣ ከዛ እንደ መጋረጃ ተጣጠፈ፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ስልክ አይደለም በዓይኔ ነው፣ እየመጣ እየመጣ አናታችን ላይ ሲደርስ ታችኛው ጠርዙ ሮዝ ሆኖ በጣም ፈጥኖ ሮጠ፣ አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ የነካው ይመስል። ወንዙ ዳር ያለው ጠጠር አረንጓዴ ሆነ። የሽማግሌውን ፊት አየሁት በሱ ብርሃን። ድምጽ የለውም፣ እኔ ግን ጆሮዬን አቁሜ ነው ያየሁት። የአክስቴ ልጅ ቀስ ብላ የእንቁጣጣሽን ዘፈን ጀመረች፣ እኔም ተቀበልኳት፣ ኩሽና ያሉት ልጆች ቋንቋውን ባያውቁም አጨበጨቡ። አስር ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ከዛ ተበተነና ተመልሶ ኮከብ ብቻ ሆነ፣ እስከ 10 ሰዓት ሁለቴ ተመልሶ መጣ ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም።

ፎቶው ብዙ አይደለም፣ አንዱ ብቻ ነው በደንብ የወጣው፣ ነገ ሲግናል ሲኖር እለጥፈዋለሁ። ኡሜዮ ያለኸው ወንድሜ፣ ልጅህ ማን ነው ያጠፋው ያለውን ለሽማግሌው ተርጉሜ ነገርኩት፣ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ እሱን እየደጋገመ ነበር የነዳው። ዛሬ ደመና ነው። እስከ 18 ገና ስድስት ሌሊት አለኝ።